«ፎር ኦል ኢንቴንሲቭ ፐርፐዝስ»፦ የተሳሳተ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መቼ ይጎዳል?

ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ከማስገባቴ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። በጥሩ ሁኔታ ተጽፏል፤ አጭርና ግልጽ ነው። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ድሮ በምትሠራበት ቦታ ኃላፊው ለቆ ሲሄድ ቅርንጫፉን የመራችው እሷ ነበረች። ይህንን ስትገልጽ «ፎር ኦል ኢንቴንሲቭ ፐርፐዝስ» ብላ ጀምራለች።

ትክክለኛው አባባል «ፎር ኦል ኢንቴንትስ ኤንድ ፐርፐዝስ» ነው። «በስም ባይሆንም በተግባር» እንደ ማለት ነው። ስነግራት ፊቷ ቀላ። ትንሽ ቆየችና ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ኢንቴንሲቭ ያልኩት ሥራው በጣም ከባድ ስለነበረ ነው። ደግሞ ያነበበው ሰው ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ታዲያ ምን አለበት?»

ምን አለበት? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በሁለት ቃል ይዘጋዋል። አንዱ «ስህተት ስህተት ነው» ይላል። ሌላው «ቋንቋ መግባቢያ ነው፣ ከተግባባን በቃ» ይላል። ሁለቱም ግማሹን ብቻ ያዩ ይመስለኛል። ምክንያቱም የተሳሳተ ፈሊጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማንንም የማይጎዳ አለ። ሰውን ከሰው የሚያጣላም አለ።

መጀመሪያ ልጅቷ ያለችውን እንይ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አባባሉ የተወለደው ሕግ ውስጥ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በወጡ የእንግሊዝ ሕጎች ላይ ይገኛል። የሕግ ሰዎች ቀዳዳ እንዳይቀር ተቀራራቢ ቃላትን መደርደር ይወዳሉ። «ኢንቴንት» ሐሳብ ነው፣ «ፐርፐዝ» ዓላማ ነው። ሁለቱ ተጣምረው «በየትኛውም በኩል ቢታይ» የሚል ሐሳብ ሰጡ። ችግሩ ሰው ሲናገር ቶሎ ቶሎ ነው። «ኢንቴንትስ ኤንድ» የሚለው በፍጥነት ሲባል አንድ ቃል ይመስላል። አባባሉን በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲጽፈው ከሚያውቃቸው ቃላት ውስጥ የሚቀርበውን ይመርጣል። «ኢንቴንሲቭ» እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ይህን የሚያደርጉት የእኛ አገር ልጆች ብቻ አይደሉም። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ አሜሪካውያንም ልክ እንደዚሁ ይጽፉታል። እንዲያውም ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ «ኤግኮርን» ይባላል። በ2003 ማርክ ሊበርማን የሚባል የቋንቋ ምሁር የአንዲት ሴትን ስህተት አነሣ። የኦክ ዛፍ ፍሬ በእንግሊዝኛ «ኤኮርን» ይባላል። ሴትዮዋ «ኤግ ኮርን» ብላ ጽፋዋለች፤ እንቁላልና እህል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ስህተት ስም የለውም ወይ የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ጄፍሪ ፑለም የተባለው ሌላ ምሁር ራሱ ስህተቱ ስም ይሁን አለ። ዛሬ ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል።

ኤግኮርን ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም። ሴትዮዋ አላሰበችም ማለት አይቻልም። ፍሬው እንቁላል ይመስላል፣ እንደ እህል ዘርም ይበቅላል። ያልገባትን ድምፅ ትርጉም ሰጠችው። የጎረቤታችንም ልጅ እንዲሁ ነው ያደረገችው። ሥራው ከባድ ነበር፣ ስለዚህ «ኢንቴንሲቭ»። ይህን ስህተት የሚሠራው የሚያስብ ሰው ነው። ጭፍን ብሎ የሸመደደ ሰው አይሠራውም።

ብዙዎቹ ኤግኮርኖች የሚወለዱት አባባሉ የቆመበት ዓለም ሲጠፋ ነው። «ፍሪ ሬይን» የሚባል አለ፤ ለሰው ሙሉ ነፃነት መስጠት ማለት ነው። «ሬይን» እዚህ ላይ የፈረስ ዛብ ነው። ዛቡን ስታላላለት ፈረሱ እንደ ልቡ ይሄዳል። ነገር ግን በዚያው ድምፅ የሚነገር ሌላ «ሬይን» አለ፣ ንግሥና ማለት የሆነ። ፈረስ ጋልቦ የማያውቅ የከተማ ሰው ዛቡ አይታየውም። ንጉሡ ይታየዋል። እናም «ነፃ ንግሥና» ብሎ ይጽፋል። ክፉ ግምት አይደለም።

«ቤይትድ ብሬዝ»ም ያው ነው። ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መጠበቅ ማለት ነው። ቃሉ «አቤትድ» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የቀነሰ፣ ጋብ ያለ ማለት ነው። ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት ተጠቅሞበታል። ዛሬ ከዚህች አባባል ውጭ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው አንዲት ፊደል ጨምሮ፣ ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆ ላይ የሚሰካውን ምግብ ያደርገዋል። እኛስ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ስንል ስንቶቻችን ነን ዳባ አይተን የምናውቀው? የመነኩሴ የቆዳ ልብስ መሆኑን የማያውቅ ሰው አባባሉን በትክክል ይጠቀምበታል። እኛ ከስህተት የዳንነው ቃሉ ሌላ የሚመስለው ጎረቤት ስለሌለው ነው። ቢኖረው ኖሮ እኛም እንሳሳት ነበር።

ያሸነፉ ስህተቶችም አሉ። ፍቅር የያዘው ሰው በእንግሊዝኛ «ሄድ ኦቨር ሂልስ» ሆነ ይባላል። ቃል በቃል «ራሱ ከተረከዙ በላይ» ማለት ነው። ቆም ብላችሁ አስቡት። ራሳችን ሁልጊዜም ከተረከዛችን በላይ ነው! የድሮው አባባል «ሂልስ ኦቨር ሄድ» ነበር፣ ተረከዝ ከራስ በላይ፣ ተገልብጦ መውደቅ። ሰዎች ገለበጡት፣ የተገለበጠው ጸና። ዛሬ የድሮውን የሚል ሰው ነው የተሳሳተ የሚመስለው። ኩሽና የምንታጠቀው ሽርጥ በእንግሊዝኛ «ኤፕሮን» ይባላል። ድሮ «ናፕሮን» ነበር። «ኤ ናፕሮን» ሲባል ጆሮ «ኤን ኤፕሮን» ሰማና «ን» ቦታዋን ለቀቀች። የዘመዱ የ«ናፕኪን» «ን» ግን እስካሁን በቦታዋ አለች። «ኒክኔም» ደግሞ በተቃራኒው «ን» ከጎረቤት ወሰደ፤ ቀድሞ «ኢክኔም» ነበር፣ ተጨማሪ ስም ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሳሳት ስህተት ነው። ሁሉም አብሮ ሲሳሳት ቋንቋ ይሆናል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ የአንባቢን መረዳት አያበላሹም። «አይ ኩድንት ኬር ለስ» የሚለውስ? «ምንም አይመስለኝም» ማለት ነው፤ ከዚህ በታች ግድ ማጣት አልችልም ለማለት። አሜሪካ ውስጥ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙ ሰው አፍራሹን ጥሎ «አይ ኩድ ኬር ለስ» ይላል። ቃል በቃል ከተወሰደ ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ግድ ይለኛል ማለት ነው። ሆኖም እንዲህ ሲባል በተቃራኒው የተረዳ ሰው አላጋጠመኝም። አንድን አባባል ሰው የሚረዳው እንዳለ ተጠቅልሎ ነው እንጂ ቃል በቃል እየፈታ አይደለም። ስለዚህ በሰዋስው የከፋው ስህተት በመግባባት በኩል ቀላሉ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ።

«ዚ ኤክሴፕሽን ፕሩቭስ ዘ ሩል» የሚል አባባል አለ፤ ልዩ ሁኔታው ሕጉን ያረጋግጣል። መነሻው የሮማ የሕግ ክርክር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 ሲሴሮ የተባለው ታዋቂ የሮማ ተናጋሪ ባልበስ ለተባለ ሰው ጠበቃ ቆሞ ነበር። የባልበስ የሮማ ዜግነት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ነው የተከሰሰው። ሲሴሮ ያቀረበው ነጥብ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሮማ ከአንዳንድ ሕዝቦች ጋር ባደረገችው ስምምነት ላይ «ከእነሱ ማንንም ዜጋ አናደርግም» የሚል አንቀጽ አለ። ይህ በልዩነት የተጻፈ ከሆነ፣ ያልተጻፈበት ቦታ ይፈቀዳል ማለት ነው። በዘመናችን ምሳሌ፣ አንድ በር ላይ «እሑድ መኪና ማቆም ይፈቀዳል» የሚል ጽሑፍ ብታዩ በሌላው ቀን እንደማይፈቀድ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ልዩ ሁኔታው ያልተጻፈውን ሕግ አሳየ። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ዛሬ እንዴት እንደሚባል ተመልከቱ። አንዱ «የዚያ ሰፈር ልጆች ሁሉ ሰነፎች ናቸው» ይላል። ሌላው «እገሌ እኮ ከዚያ ሰፈር ነው፣ ጎበዝ ነው» ይለዋል። የመጀመሪያው ፈገግ ብሎ «ኤክሴፕሽን ፕሩቭስ ዘ ሩል» ይልና ክርክሩን ይዘጋል። ልብ በሉ፤ ንግግሩን ያፈረሰበትን ማስረጃ ወስዶ ማስረጃው አደረገው። ይህ የፊደል ጉዳይ አይደለም። አባባሉ በዚህ መልክ ሲገባ ሰው ማሰብ ያቆማል። ስለ ሰፈር፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ሴት፣ ስለ ስደተኛ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ዝም አልልም።

«ቤግ ዘ ኴስችን»ም ከሎጂክ የመጣ ነው፤ ሥሩ አርስቶትል ዘንድ ይደርሳል። ልታረጋግጠው የሚገባህን ነገር አስቀድመህ እንደተረጋገጠ አድርገህ መነሳት ነው። «እሱ አይዋሽም። እንዴት አወቅህ? ራሱ ነግሮኛል።» ይኸው ነው። ዛሬ በዜናውም በስብሰባውም አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት «ጥያቄ ያስነሳል» ለማለት ነው። ይህን የሚል ሁሉ አላዋቂ ነው አልልም፤ አዲሱ ትርጉም መዝገበ ቃላት ገብቷል። ግን ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ አባባሉ አሁን የማይታመን ሆኗል። «ክርክርህ ቤግስ ዘ ኴስችን» ብትለው አንዱ «ክርክርህ ባዶ ነው» ብሎ ይሰማል፣ ሌላው «አስደሳች ጥያቄ አነሳህ» ብሎ ይሰማል። እኔ ጥያቄ ይነሳል ለማለት ስፈልግ «ሬይዝ» እላለሁ። ምንም አይጎድልብኝም።

ማንም ሳይሳሳት ጠብ የሚነሳበትም ጊዜ አለ። «ቴብል» የሚለው ግሥ በብሪታንያ አንድን ጉዳይ ለውይይት አሁኑኑ ማቅረብ ነው። በአሜሪካ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገሮች የጦር መኮንኖች በአንድ ሰነድ ላይ ተጨቃጨቁ። እንግሊዞቹ ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ «ቴብል» እናድርገው አሉ። አሜሪካኖቹም አስቸኳይ ስለሆነ «ቴብል» አይደረግም አሉ። የጊዜው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በጦርነቱ ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ ረጅምና መራራ ክርክር አድርገው ነው አንድ ነገር እንደሚሉ የገባቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንላለን። እዚህ ግን ወለምታም አልነበረም፤ ሁሉም በየአገሩ ልክ ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም «ስህተት» የሚለውን ቃል ቶሎ እንዳንወረውር ያስተምራልና። ከ1978 እስከ 1995 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ፈንጂ በፖስታ እየላከ፣ አንዳንዴም ራሱ እያስቀመጠ 3 ሰዎችን ገደለ፣ 23 አቆሰለ። ማንነቱ አልታወቀም። በመጨረሻ ወደ 35,000 ቃላት የሚሆን ጽሑፍ ላከና በመስከረም 1995 ዋሽንግተን ፖስት ላይ ታተመ። ጽሑፉ ውስጥ ስለ ኬክ የሚነገረው የታወቀ አባባል ነበረበት። ብዙው ሰው «ሃቭ ዩር ኬክ ኤንድ ኢት ኢት» ይላል፤ ኬክህን ይዘህ መብላት። እሱ ግን ገልብጦ «ኬክህን በልተህ ልትይዘው አትችልም» ብሎ ነው የጻፈው። የተሳሳተ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ይዞ መብላት ይቻላል። የማይቻለው በልቶ መያዝ ነው። በ1546 በታተመ የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ላይም መብላቱ ነው የሚቀድመው። የኤፍቢአይ የቋንቋ ባለሙያ ጄምስ ፊትዝጄራልድ ይህን ያልተለመደ አጻጻፍ ልብ አለው። በኋላም ተጠርጣሪው ቴድ ካዚንስኪ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያንኑ አባባል በዚያው ቅደም ተከተል አገኘው። የሰውየው ወንድምም አጻጻፉን ጠርጥሮ ጥቆማ ሰጥቶ ነበር። ካዚንስኪ በሚያዝያ 1996 ሞንታና ውስጥ ከእንጨት ጎጆው ተያዘ። ብዙው ሰው የተሳሳተ የሚለው አባባል የሰው አሻራ ሆኖ ተገኘ።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አማርኛችን ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። «ሚና ተጫወተ» አንዱ ነው፣ አሁን ማንንም አይቆረቁርም፤ ተዋሕዷል። «ስሜት ይሰጣል» የሚለውን ግን አልለመድኩትም። «ያስኬዳል» እያለን፣ «ትርጉም ይሰጣል» እያለን፣ ስሜትን ምን አመጣው? ቢሆንም የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ፣ አላርመውም። የማርመው «በቀኑ መጨረሻ» የሚለውን ነው። በቴሌቪዥን እንግዳው «በቀኑ መጨረሻ ውሳኔው የሕዝቡ ነው» ሲል እናቴ «ማታ ነው የሚወስኑት?» ብላ ጠየቀችኝ። የምሯን ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሰዓት ነው የሚሰማው። ለዚህ ደግሞ «ዞሮ ዞሮ» የሚል አለን፣ አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው። «ዞሮ ዞሮ ውሳኔው የሕዝቡ ነው።» እናቴን ማንም አያደናግራትም።

ፈሊጡ ቢሰበርም ሐሳቡ ከደረሰ እተወዋለሁ። ሰሚው ሌላ ነገር ከሰማ ወይም ተናጋሪው በአባባሉ ተሸፍኖ ማሰብ ካቆመ አርመዋለሁ። የምመዝነው በዚህ ነው።

ግን አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፣ ስለእሱ ሳይነገር መቅረቱ ያናድደኛል። ሚዛኑ ለሁሉም እኩል አይደለም። አሜሪካዊው «ኢንቴንሲቭ ፐርፐዝስ» ብሎ ሲጽፍ «ቸኩሎ ነው» ይባላል። የእኛ ልጅ ስትጽፈው «እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው» ይባላል። ያው ስህተት ነው፣ ከዚያው ጆሮ የመጣ። ማመልከቻ የሚያነበው ሰው 100 ደብዳቤ ፊቱ ተከምሯል፤ የሚጥልበት ምክንያት ይፈልጋል። ፍትሕ አይደለም። ግን ልጅቷ ነገ ማመልከቻ ታስገባለች፣ ዓለም እስኪስተካከል አትጠብቅም። ስለዚህ «ምን አለበት?» ስትለኝ «በቋንቋው ምንም የለበትም፣ በአንባቢው ግን አለበት» ነበር መልሴ።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ልጆች የሚያደርጉትን ሌላ ነገርም አይወድም ልቤ። አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሲዘጋጁ የፈሊጥ ዝርዝር ይሸመድዳሉ። «ድመትና ውሻ ዘነበ» (ኃይለኛ ዝናብ ጣለ ለማለት ነው) የሚለውን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ራሱ ብዙም የማይለውን አባባል ካላስገቡ ነጥብ የማያገኙ ይመስላቸዋል። የፈተናው የንግግር መመዘኛ እኮ ለ7 ነጥብ የሚጠይቀው ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ የሆኑ ቃላትን በተወሰነ ደረጃ መጠቀምን ነው፤ አንዳንድ የተሳሳተ ምርጫ ቢኖርም ይታለፋል። ማንም «10 ፈሊጥ አስገባ» አላለም። ያልተዋሐደህን አባባል ከመወርወር ቀለል ባለ ቃል መናገር ይበልጣል። እንግዳ ሰው አማርኛ ሲማር በየዐረፍተ ነገሩ ተረት ቢጨምርብን ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን።

ከልጅቷ ጋር ደብዳቤውን እንደገና ያዝነው። ትክክለኛውን ፈሊጥ ልንጽፍላት ጀመርን። ከዚያ ግን «ቆይ፣ ስንት ጊዜ ነው የመራሽው?» አልኳት።

«ስምንት ወር።»

«ስንት ሰው ነበር?»

«አሥራ አንድ። ደመወዝ መክፈያውን የምፈርመውም እኔ ነበርኩ።»

ይህ ሁሉ ደብዳቤው ላይ አልነበረም። በአንድ ፈሊጥ ተሸፍኖ ነበር። ፈሊጡን ሙሉ በሙሉ አወጣነውና በቦታው ለ8 ወር 11 ሠራተኞችን እንደመራችና ደመወዛቸውን እንደፈረመች፣ የኃላፊነት ስም ግን እንዳልተሰጣት በአጭር እንግሊዝኛ ጻፈች። አንድም ልዩ ቃል የለበትም። ጮክ ብላ አነበበችው፣ አንድ ጊዜ ደገመችው፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።